ለለምለም ጆሮ ወደ መቀሌ

ሐሙስ ንጋት፣ ቦሌ

ጎህ ሲቀድ ከቤቴ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ስወጣ ፀጉሬን ጠቅልዬ፣ ሰማያዊ ሻርፔን አንገቴ ላይ አስሬ፣ ትንሿን ሻንጣ እየጎተትኩ ነው። የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። ዛሬ ግን ሹራብ ለብሼ፣ ሸራ ጫማ አድርጌ፣ እንደ ማንም ተሳፋሪ ነው የምሄደው። የግቢያችን ጥበቃ እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ የተባረርኩ መስሎት «አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ያመጣል» ብሎ አጽናናኝ።

ተሳፋሪነት ለእኛ ቢጤ ትልቅ ፈተና ነው። መስኮት ጥግ ተቀምጬ እጄ አላርፍ አለ። ከፊቴ ያሉት አባት ቀበቶ አላሰሩም፤ ከላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ በደንብ አልተዘጋም። ብድግ ብዬ ልዘጋው ስል አስተናጋጇ ደረሰችና «እባክዎ ይቀመጡ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ» አለችኝ። ይህን ቃል እኔ ለስንቱ ብያለሁ! ሲሉኝ ግን ይቆጠቁጣል።

አስተናጋጇ ያሰረችው ሻርፕ ቀይ ነው። የአገር ውስጥ በረራ የምንሠራ ሁለት ትንንሽ የግል ኩባንያዎች ነን፤ ስማቸው ይቅርብኝ። እኛ ሰማያዊ፣ እነሱ ቀይ። ለዓመታት አየር ማረፊያ ውስጥ ስንገናኝ እንደ ጣውንት ተገላምጠን ነበር የምንተላለፈው። የእኛም የእነሱም የሠራተኛ ማኅበር አለን፤ የሰማያዊዎቹ ሊቀመንበር እኔ የሺመቤት ነኝ። ዛሬ በቀዮቹ አውሮፕላን የተሳፈርኩት የእኛ ሐሙስ ሐሙስ ወደ መቀሌ ስለማይበር ነው።

የምሄደው ለለምለም ነው። ለምለም የእኛ የሥራ ባልደረባ፣ የመቀሌ ልጅ ናት። ከጥቂት ወራት በፊት ጉንፋን ይዟት ለኃላፊዋ «አፍንጫዬ ተዘግቷል፣ ዛሬ አልችልም» አለች። መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ጉንፋን ደግሞ ምን በሽታ ሆነና! የማትችይ ከሆነ የምትችል ሞልታለች።» በረረች። አፍንጫ ተዘግቶ አውሮፕላን ቁልቁል ሲወርድ በጆሮ ውስጥና ውጭ ያለው አየር አይመጣጠንም፤ ሕመሙ ወስፌ እንደ መሰካት ነው። መቀሌ ሲያርፉ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀደደ።

ኩባንያችን «ጉንፋኑን ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ የሥራ ላይ ጉዳት አይባልም» አለ። ሐኪሟ እስኪድንላት እንዳትበር ስትከለክላት ደግሞ ከሥራ ቀርታለች ተባለና ልትሰናበት ነው። ነገ የመጨረሻው ድርድር ይደረጋል። መቀሌ ላይ የሆነውም እሷ መብረር ስለማትችል ነው። ነገ ካልተስማማን ለምለም ሥራዋን ታጣለች፤ የሚቀጥለው ባለ ጉንፋንም ተራውን ይጠብቃል።

ሐሙስ ረፋድ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ከአውሮፕላኑ ስወርድ አየሩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል፤ ዙሪያው ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። ባለ ታክሲው ሐጎስ ሻንጣዬን ተቀብሎ አራት መቶ ብር አለኝ።

«ሦስት መቶ።»

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ነዳጅ እኮ በወርቅ ዋጋ ሆኗል! ለሥራ ነው የመጣሽው ለዘመድ?»

«ለማኅበር ስብሰባ። የበረራ አስተናጋጆች ነን።»

መሪውን ይዞ በመስታወት አየኝ። «እናንተም ማኅበር አላችሁ? እኔ ሁልጊዜ ስትስቁ ሳያችሁ ምንም የጎደለባችሁ አይመስለኝም ነበር። በይ ሦስት መቶ ይሁን። እኛም የታክሲ ማኅበር አለን፤ ማኅበርተኛ ማኅበርተኛን አይበላም።»

ከኩዊሓ ቁልቁል ስንወርድ ከተማዋ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች። መንገድ ዳር ሴቶች በለስ በባልዲ ደርድረው ይሸጣሉ፤ በቢላ ሁለት ጊዜ ሸርተት፣ አንድ ጊዜ ገለጥ፣ እሾሁ ማንንም ሳይነካ ፍሬው እጅ ላይ ነው። አሸንዳ ያለፈው ሳምንት ነበር፤ የልጃገረዶቹ ሹሩባ ገና አልተፈታም። ሐጎስ መኪናውን አቁሞ በለስ ገዛልኝና እኔ ልክፈል ስል እምቢ ብሎ ተከራከረኝ። የዋጋ ክርክሩን ተሸንፎ የግብዣውን አሸነፈ።

ሐሙስ ምሳ፣ ሓድነት

የለምለም እናት ኣደይ ለተብርሃን በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። «እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ ጓለይ!» ብለው ትከሻ ለትከሻ ሳሙኝ። ለምለም ከኋላቸው ብቅ አለች። ከስታለች። ሳናግራት ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች፤ እሷ ግን ማዞሯን አላስተዋለችም።

የቀዮቹ ማኅበር ሊቀመንበር ዳንኤል ትናንት ስለገባ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ከዳንኤል ጋር ያስታረቀን ብልሽት ነው። አምና እዚሁ መቀሌ የእነሱ ሰርቪስ ተበላሸና በእኛ አሳፈርናቸው። ሆቴል እስክንደርስ ወሬ ተጀመረ። እኛ ስለ ዕረፍት ሰዓት፣ ስለ ሕመም ፈቃድ ስንጠይቅ ኩባንያችን «ቀዮቹ ያለ ቅሬታ ይሠሩት የለም ወይ?» ይለናል። ይህን ስነግረው ዳንኤል ሳቁ አልቆም አለው፤ ለካ እነሱንም «ሰማያዊዎቹ መቼ አጉረመረሙ?» እያሉ ነው ያቆዩዋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ማኅበራት አንድ ጥያቄ አብረን እናቀርባለን፤ ስለዚህ ነው ነገ የሁለቱም ኩባንያ ተወካዮች የሚመጡት።

ምሳው ጥሕሎ ነው፤ እንደ ለውዝ ድብልብል ያለው የገብስ ሊጥ ባለ መንታ ጫፍ እንጨት ላይ እየተሰካ ከሚያቃጥል የሥጋ ወጥ ይጠቀሳል። እየበላን ስለ ነገው ተማከርን። አንድ የሚያሳፍር ችግር አለብን፦ መቆጣት አንችልም። ሥልጠናው እንደዚያ ነው የሠራን። ተሳፋሪ ሲሰድበን ፈገግ፣ ቡና ሲደፋብን ፈገግ። ባለፈው ድርድር ላይ ጥያቄያችን ሁሉ ውድቅ ሲደረግ እንኳ እኔና ዳንኤል ጥርሳችንን አሳይተን «እናመሰግናለን» ብለን ወጣን። አለቆቹም «ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ተለያየን» ብለው አስወሩ።

ኣደይ ለተብርሃን ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ዋይ ኣነ! ልጄን ይዛችሁልኝ ልትገቡ በጥርስ ነው? በሉ ተነሡ፣ ተቆጡ እስቲ ልያችሁ።»

ተነሣን። ዳንኤል ቅንድቡን ቋጠረ፤ ከንፈሩ ግን በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ሄደ። እኔ ከእሱ ባስኩ። ለምለም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳቅ ፈረሰች።

«እንዲህ ከሆነስ» አሉ እናትየው ጥሕሎውን እየጨመሩልን፣ «ነገ ቤቱን የምትጠብቂው አንቺ ሁኚ፣ እኔ ልሂድልሽ።»

ዓርብ ጠዋት፣ እንዳ ኢየሱስ

ድርድሩ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። በመንገዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ለምለም ሰማያዊ ሻርፗን አስራ መጣች። እኔ «አሁንስ ለምን ታስሪያለሽ?» ልላት ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

በአንድ ወገን የሁለቱ ኩባንያ ተወካዮች፣ በሌላው እኛ ሦስታችን፣ መሐል ላይ አስማሚው አቶ ገብረሥላሴ ተቀመጡ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ የመቀሌ ሰው ናቸው። ገና ሳንጀምር ጉድ ፈላ። የሆቴሉ አስተናጋጅ በትሪ ሻይ ይዛ ስትገባ በሩ መታት፤ ትሪው ዘመም አለ። እኔና ዳንኤል እኩል ተወርውረን ትሪውን ያዝን። መያዙስ ደግ፣ እጃችን እንደ ለመደው ለአለቆቹ ሻይ አደለ፤ አፋችንም «ስኳር ይጨመር?» አለ። የእኛ ኩባንያ ተወካይ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ «መስማማታችን ከወዲሁ ከፊታችሁ ያስታውቃል» አለና ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ንግግሩን ጀመረ። የዘወትር ክርክሩን፣ ለብቻችን ሳለን ሲገርፈን የኖረውን አለንጋ፣ ከልምድ ብዛት ሳያስበው መዘዘው። «በቀላል ጉንፋን መብረር በዘርፉ የተለመደ ነው። ለምሳሌ የቀዮቹ ሠራተኞች ይበራሉ፤ ቅሬታ አቅርበው አያውቁም።»

ዳንኤል ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ። «የቀዮቹ ሊቀመንበር እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ አቅርበናል።»

የቀዮቹ ተወካይ ደንገጥ ብሎ ሊያርም ገባ። «እሱ እንኳ… ዋናው ነገር፣ ሰማያዊዎቹ ለምሳሌ ይህን ጥያቄ አንስተው—»

እኔም ተነሣሁ። «የሰማያዊዎቹ ሊቀመንበር እኔ ነኝ።»

አቶ ገብረሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን ተወካዮች በየተራ አዩ። «እንግዲህ እኔ ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ አስረዱኝ። ታማ ደስ ብሏት የምትበረዋ ልጅ የየትኛችሁ ናት?»

የእኛው ተወካይ ወሬውን አዞረ። «የዚያን ቀን ተሳፋሪዎች እኮ ምንም አላዩም። በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች ነው የሸኘችን ብለዋል።»

የተናገረው በግራዋ በኩል ስለነበር ለምለም ያለውን እንድደግምላት ወደ እኔ ዞረች። ደገምኩላት። ቀስ ብላ ተነሣችና እንዲህ አለች፦

«እውነት ነው፣ እየሳቅኩ ነው የሸኘኋቸው። ከጆሮዬ የሚወርደውን ደም በዚህ ሻርፕ ሸፍኜ ነው የሳቅኩት። እንደዚያ ነው ያስተማራችሁን።»

ሻርፗን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጠቆረው ነጠብጣብ ዛሬም በታጠበው ጨርቅ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ፊቴን ለቁጣ ማንም ማሠልጠን አላስፈለገውም፤ ዳንኤልንም አየሁት፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሦስታችንም ቆመን ቀረን። «ተቀመጡ እንጂ» ሲሉን አልተቀመጥንም። መቆም እኛ የምናውቀው ሥራ ነው፤ በሚናወጥ አውሮፕላን ውስጥ የቆምን ሰዎች በሲሚንቶ ወለል ላይ ማን ያደክመናል?

ተወካዮቹ ለምክክር ወጡ። በስልክ አዲስ አበባ ካለው አለቃ ጋር ሲጨቃጨቁ በመስኮት ይታዩናል። ሲመለሱ ድምፃቸው ወርዷል። የለምለም ጆሮ የሥራ ላይ ጉዳት ተባለ። እስክትድን ምድር ላይ ትሠራለች፤ ስትድን ወደ በረራዋ ትመለሳለች። ከእንግዲህ በሁለቱም ኩባንያ «አሞኛል፣ አልበርም» ያለ ሠራተኛ አይበርም፤ ደመወዙም ሥራውም አይነካበትም። በሁለት በረራ መካከል ያለው ዕረፍትም እንደ ጠየቅነው ሆነ። እኔና ዳንኤል ተከታትለን ፈረምን። አቶ ገብረሥላሴ «ጽቡቕ፣ መልካም ነው» አሉና ለምለምን ግንባሯን ሳሟት።

ውጭ ስንወጣ ሦስታችን ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ጮህን። ተማሪዎቹ ፈተና ያለፍን መሰላቸው። አሸነፍን፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ አሸነፍን!

ዓርብ ከሰዓት፣ አየር ማረፊያ

ቀኑ ጾም ስለሆነ ኣደይ ለተብርሃን ህልበትና ስልስ፣ የተመታ የባቄላ ሊጥና የበርበሬ ቁሌት፣ ሠርተው በእጃቸው አጎረሱን። «እምቢ» ማለት አይቻልም፤ ዳንኤል ሞክሮ ሁለት ጉርሻ ተቀጣ። እሱ ቅዳሜ ሊመለስ ቀረ፤ እኔ የከሰዓቱን የቀዮቹን በረራ ልያዝ ወደ አየር ማረፊያ ሄድኩ።

የመሳፈሪያው ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው በረራው መዘግየቱ ተነገረ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንድ ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ ወደ መረጃ መስኮቱ ሄዶ ምክንያቱን ጠይቆ እየተብሰለሰለ ተመለሰ።

«አስተናጋጇን ጉንፋን ይዟት አልበርም አለች አሉ። ምትክ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ጠብቁ ይሉናል። ለአንድ ጉንፋን!»

ዘወር ብዬ አየሁ። በመሳፈሪያው በር አጠገብ አንዲት ወጣት ቀይ ሻርፗን አስራ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ተቀምጣለች። ኃላፊዋ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከንፈሩ አንድ ነገር ሊል ተከፍቶ ተከደነ። ከዚያ ሄዶ ሙቅ ሻይ አምጥቶ ሰጣት።

ስልኬን አውጥቼ ለምለም ጋ ደወልኩ።

«የሺዬ፣ ገና አልተሳፈርሽም?»

«በረራው ዘገየ።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

«አንዲት ቀይ ሻርፕ ጉንፋን ይዞኛል፣ አልበርም አለች።»

ስልኩን እንደያዘች ስትጣራ ሰማኋት። «ኣደይ! ኣደይ፣ ልጅቷ አልበርም አለች! ተቀመጠች!»

የኣደይ ለተብርሃን እልልታ ከስልኩ ሲወጣ ከጆሮዬ ማራቅ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ የጎረቤቶቹም ተጨመረ። ባለ ሙሉ ልብሱ ሰውዬ ንዴቱን ረስቶ ዞረ።

«እንኳን ደስ አላችሁ። የማን ሠርግ ነው?»

«የእህቴ» አልኩት፤ ሻንጣዬን ወንበር አድርጌ፣ ምትኳን ይዞ የሚመጣውን አውሮፕላን ያለ ምንም ችኮላ ስጠብቅ።