ሁለት ማከማቻ፣ አንድ እጅ

የሰው እጅ ሲቆረጥ «አደጋ ነው» ብላችሁ የምታልፉ ሁሉ፣ እስቲ አፋችሁን ያዙና ስለዚህች ሴት ስሙ።

በቆርቆሮ ፋብሪካው «ተላላኪዋ» ይሏታል። የተማረችው ኮድ መጻፍ ነው፤ የምትሠራው ግን የኩሩዎችን ኩርፊያ መሸከም። ቆርቆሮ እየተጫነ የሚቆርጠው የፕሬስ ማሽን የሚታዘዝበት ኮድ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፦ ታች ያሉት የጥገና ሠራተኞች በአሮጌው ማከማቻ፣ ፎቅ ያለው ቢሮ በአዲሱ። አንዱ የሌላውን በዓይኑ ማየት አይፈልግም። እሷ የታቹን ለውጥ ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ታች ታመላልሳለች። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ የተለያየ ነገር ከጻፉ ሁለቱን ማከማቻ የሚያዛምደው ማመሳሰያ ፕሮግራም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወርዳ ጠይቃ ታስታርቃለች። ከፕሬሱ ሥር ቆርቆሮ የሚያስገባው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እህትዓለም፣ ይሄ እጅ ሲያይ ፕሬሱን የሚያቆመው ሴንሰር ዘግይቶ ነው የሚያየኝ» አላት እየሳቀ። «ቀለበት የማጠልቅበት ጣት ይትረፈኝ እንጂ!»

የጥገና ሠራተኞቹ አስተካከሉት። በአሮጌው ማከማቻ።

የፎቁ አለቃ ግን የማመሳሰያው መቆም ሰለቸው። «በተጋጩ ቁጥር ሥራ ይቆማል! ከዛሬ ጀምሮ ያለ ምንም ጥያቄ አዲሱ ማከማቻ ያሸንፋል።»

«ጌታዬ፣ የታቹን ማስተካከያ ይውጠዋል። የሰው እጅ አለበት።»

«አንቺ ማጓተት ሱስ ሆኖብሻል።»

እምቢ አለች። ምሳ ስትወጣ ጠብቆ ማመሳሰያውን ራሱ ቀየረው።

ስትመለስ ማመሳሰያው አንድም ግጭት አላሳየም። ኮዱን ከፈተች። የጥገና ሠራተኞቹ ያስተካከሏት መስመር የለችም። «አቁሙት! አቁሙት!» እያለች ደረጃውን በዝላይ ወረደች። ፕሬሱ ቀደማት።

የወንድሟ ጓንት ከነጣቶቹ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ወንድሟን ተሸክመው ሲሮጡ አብራ አልሄደችም። ፎቅ ወጥታ አለቃውን በክራቫቱ አንቃ ከወንበሩ ነቀለችው። ጉልበቱ በየደረጃው እየተላተመ እስከ ፕሬሱ ድረስ ጎተተችው። ጥበቃው ጀርባዋን በዱላ ቀጠቀጠ፤ ከንፈሯን ሰነጠቀው፤ አልለቀቀችም።

«እጅህን አስገባ!»

«አብደሻል እንዴ?»

«አዲሱ ያሸንፋል አላልክም? ይኸው አዲሱ። አስገባ!»

ክንዱን ጠምዝዛ ወደ ደሙ ገፋችው። አንዱ የጥገና ሠራተኛ የፕሬሱን ኤሌክትሪክ ቀድሞ አጥፍቶታል፤ አለቃው ግን አላወቀም።

«አያይም! ሴንሰሩ እኮ ቶሎ አያይም! በእናትሽ፣ ይቆርጠኛል!»

ሠራተኛው ሁሉ ሰማው። ያኔ ለቀቀችው።

በዚያው ቀን አባረሯት። ሠራተኞቹ ግን ኮዱ አንድ ቦታ ካልተቀመጠ ፕሬሱን ንክች አናደርግም ብለው ቆሙ። ስንት ዓመት አይቻልም ሲባል የኖረውን፣ የፎቁ ቢሮ በሳምንት ውስጥ አደረገው። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለስብሰባ ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ ለደም ይሮጣል!

ወንድሟ አሁን ሸሚዙን በግራ እጁ መቆለፍ እየተማረ ነው። ልታግዘው ስትጠጋ ይገፋታል።

«ዞር በይ! በዚህ ቤት ከእንግዲህ ተላላኪ የለም።»

ከዚያ የአንገቱ ቁልፍ እምቢ ትለውና፣ እንድትቆልፍለት አንገቱን ያቀርብላታል።