ሣሩ ላይ የበላሁት ምስር

በዚያን ጊዜ የምኖረው ሳን ሆዜ ነበር። በማለዳ አውቶቡስ ይዤ፣ ሳንታ ክላራን አልፌ፣ ሀብታሞች ልጆቻቸውን ወደሚልኩበት ትልቅ ዩኒቨርስቲ እሄዳለሁ። ሥራዬ በተማሪዎች ካፍቴሪያ፣ ዕቃ ማጠቢያው ማሽን ጋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ ላይ ስለማይነሣ ሕንፃዎቹ በከፊል ብቻ ይታያሉ። ብዙ ዓመት ሠርቼበት እንኳ ያ ግቢ ሙሉ ሆኖ ትዝ አይለኝም። አንድ በር፣ የሚፈስ ውሃ፣ ሰፊ ሣር፣ ሣሩ ላይ የተኙ ልጆች። እንዲህ ተቆራርጦ ነው የሚመጣልኝ።

ከማሽኑ ማዶ ሆና ትሪ የምትቀበል አንዲት ተማሪ ነበረች። ለትምህርቷ ክፍያ እንዲያግዛት ነው የምትሠራው። ቤተሰቦቿ ከሜክሲኮ የመጡ፣ ከእኔ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ በሳን ሆዜ ምሥራቅ በኩል የሚኖሩ ነበሩ። ጸጉሯን ጎንጉና የወረቀት ቆብ ስትደፋበት ገና ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰች ትመስላለች። የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ተማሪዎች መሪ እሷ መሆኗን ያወቅሁት አንድ ቀን አደባባይ ቆማ በድምፅ ማጉያ ስትናገር አይቻት ነው። እኔን በስፓኒሽ «ሴኞራ»፣ እመቤት ትለኛለች። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እሷ ሴኞራ ስትለኝ ግን አንቱ እንዳለችኝ እቆጥረው ነበር።

እነዚህ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ከግቢው ጫፍ አንዲት የእንጨት ቤት ነበረቻቸው። ይሰበሰቡባታል፣ ያጠኑባታል፣ እሑድ እሑድ ያበስሉባታል። ልጅቷ፣ ይህቺ ቤት ባትኖር ኖሮ የመጀመሪያውን ዓመት ሳልጨርስ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር ብላኛለች። ዩኒቨርስቲው ግን ቤቷ ትፈርሳለች፣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል አለ። ልጆቹ አቤት አሉ፣ ተሰለፉ፤ የሰማቸው የለም። በመጨረሻ ልጅቷና ሁለት ጓደኞቿ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። መብላትም አቆሙ።

ወሬውን ያመጣችልኝ ሰላጣ ክፍል የምትሠራ ኤርትራዊት ባልደረባዬ ናት።

«ያቺ ልጅሽ ጾም ይዛለች አሉ፤ አልሰማሽም?»

«የምን ጾም?»

«እስላሟን ትጠይቂኛለሽ? የናንተው ሁዳዴ ይሆናላ!»

እውነትም ሁዳዴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥጋና ቅቤ በሚሸትበት ኩሽና ብቻዬን መጾም ለምጄ ነበር፤ ሌላ የሚጾም ሰው አለ ሲባል ደስ አለኝ። ልጆቹ ካቶሊክ መሆናቸውን አውቃለሁ። ለቤቷ ስእለት ገብተው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። የጾመ ሰው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይቀምሳል። እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ቀይ ምስር ሠርቼ፣ ከሩዝ ጋር በባዶ የማርጋሪን ዕቃ አድርጌ ይዤ መጣሁ። ሺፍቴ ሲያልቅ ወደ ሣሩ ወጣሁ። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ለጾመ ሰው እንደ እንቅልፍ ነው። እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሦስቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተጋድመዋል፤ ሌሎች ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ክዳኑን ከፈትኩና ማንኪያ ሰካሁበት።

«ሰዓቱ ደርሷል፣ ልጆቼ፣ ብሉ» አልኳቸው።

ከኋላዬ የካሜራ ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች፤ ምስሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ሴኞራ፣ የእርስዎ ጾም እስከ መቼ ነው?»

«እስከ አሁን።»

«የእኛ እስኪሰሙን ድረስ ነው።»

«እስኪሰሙሽ ምንም ሳትቀምሺ?»

«ውሃ ብቻ።»

«ይሄማ ጾም አይደለም፤ ራስን መግደል ነው።»

«በየቀኑ ምሳ ያለውስ ጾም ይባላል?»

እኔም ሳቅሁ። ክዳኑን መለስኩና ምስሬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ። ክፍት ዕቃ፣ የተሰካ ማንኪያ፣ የምትስቅ ልጅ፣ የእኔ እጅ። ከሥሩ፣ ረሃብተኞቹ ተደብቀው ይበላሉ ወይ የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል። ከረፋዱ ላይ አንድ ረጅም ልጅ በኩሽናው የኋላ በር መጣ። ከኦክላንድ የመጣ፣ ከልጅቷ ቀጥሎ ያለው መሪያቸው ነው፤ እሱ ከዩኒቨርስቲው ጋር ለመነጋገር ሲል አልጾመም።

«ምግቡን ያመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ነገ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቀጠሮ አለን። ውሸታሞች ብለው ያስወጡናል። ቤቷም ፈረሰች ማለት ነው።»

«አልበሉም እኮ!»

«እኔ አውቃለሁ። ለሕዝቡ እርስዎ ይንገሩልን።»

ሲሄድ ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። በአማርኛም ቢሆን አልናገርም። ኤርትራዊቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«እንዳትሞክሪው። ከሥራ ፋየር ያደርጉሻል።»

«አልናገርም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልበላ ነው።»

ምስሩን ስላልነካሁት እንዳለ ይዤው መጥቼ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያንኑ ዕቃ ይዤ ወጣሁ። ሰው ከትናንቱ ይበልጣል፤ ባለ ካሜራውም አለ። ልጅቷ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ አማተብኩና መብላት ጀመርኩ።

እኛ ዘንድ ሰው ፊት ብቻውን የሚበላ የለም። ለማያውቁት ሰው እንኳ፣ ምግቡ ለአንድ ሰው ባይበቃም፣ እንብላ ይባላል። እኔ ይህን ቃል ሳልል ያለፍኩበት ማዕድ አልነበረም። ያን ቀን አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ከንፈራቸው የደረቀ ልጆች በክንዴ ርቀት ተኝተው፣ እኔ ማንኪያ አነሣለሁ፣ አኝካለሁ። ምስሩ ቀዝቅዟል። ቀና አላልኩም። ሣሩን ብቻ ነው የማየው፤ በጣም አረንጓዴ ነበር፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው የሚታይ።

ባለ ካሜራው ጎንበስ አለ። «የማን ምግብ ነው?»

«የእኔ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። በሃይማኖቴ ነው።»

«የትናንቱስ?»

«ይኸው ነው። አንቀበልም አሉኝ።»

ያደረግሁት ንግግር ይኸው ነው። ልጅቷ ዐይኗን ሳትገልጥ «ሴኞራ፣ ይጣፍጣል?» አለችኝ። «ጨው ያንሰዋል» አልኳት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ዕቃው ባዶ እስኪሆን ድረስ በላሁ፤ ብተወው ለእነሱ አስቀመጠች እንዳይባል።

መብላቴ ያቺን ቤት አዳናት አልልም። ፕሬዚዳንቱ ልጆቹን አነጋገሩ፤ መኪና ማቆሚያው ወደ ሌላ ቦታ ዞረ፤ ቤቷም ሳትፈርስ ቀረች። ጋዜጣው ሁለተኛውን ፎቶ ማውጣት አለማውጣቱን አላየሁም። ከሥራም አላስወጡኝም።

ልጅቷ ምግብ ከጀመረች በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ ኩሽናው መጣች። እናቷ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ አጭር፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት። ከእግር እስከ ራሴ ካየችኝ በኋላ በስፓኒሽ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጅቷ መሬት መሬት አየች።

«ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይቅር ይበሉን።»

«ንገሪኝ፣ ግድ የለም።»

«የተራበች ልጅ አጠገብ ተቀምጣ፣ ቅመሺ እንኳን ሳትል ጠራርጋ የበላችው ይቺ ናት ወይ፤ ምን ዓይነት ሰው ናት ነው የምትለው።»

እናትየዋን አየኋት። አልሳቀችም፤ እኔም አልሳቅሁም።

«እውነትሽን ነው በያት» አልኳት።