በዓርብ የተላሰ ቅቤ

ዓርብ ረፋድ ላይ ልጄ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤታችን ለነገው የወንድሟ ልደት ኬክ የሚቀባ ክሬም ትሠራ ነበር። ቅቤውን ከተፈጨ ስኳርና ከካካዎ ጋር እንደ አረፋ እስኪቀል ድረስ በሹካ መታችው። ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

ያኔም ዓርብ ነበር። እናቴ ወተት ስትንጥ ከቅሉ አፍ ላይ የተረፈውን ቅቤ በጣቴ ላስሁ። አባቴ አየኝ። "ጾም ታፈርሳለህ፣ አንተ ከሀዲ!" ብሎ ጀርባዬ እስኪተለተል በበሬ ጅራፍ ገረፈኝ። ደሜ መደቡ ላይ ተንጠባጠበ። ቄሱ አያቴ ጅራፉን ነጥቀው፣ "እሱስ ቅቤ ነው የላሰ። በዓርብ ሥጋ የበላህ አንተ ነህ" አሉት።

የአያቴን ቃል አልረሳሁም። ሆኖም ልጅ ያለ ዱላ አይቀናም እያልሁ ጎረቤት ስመክር ኖሬአለሁ።

"አባዬ፣ ይዩት እንዴት እንደቀለለ!" አለችና ልጄ ጣቷን ላሰች።

እጄ ሳላዝዘው ተነሣ። ገና ሳልነካት ሳህኑን ለቃ ፊቷን በሁለት ክንዷ ሸፈነች። እንዲህ መሸፈንን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ክሬሙ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ እጄ ግን እንደተነሣ ነው።