የመስኮት ዳር ተሳፋሪ

በጥቅምት እሑዶች ከድሬዳዋ ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወጣው ሚኒባስ አንዲት አሮጊት ሁልጊዜ የመስኮቱን ዳር ይለምናሉ። ነጠላቸው የመድኃኒት ቅባት ይሸታል። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ባለቤታቸው በመጸው አገር ማየት ይወዱ ነበር። አሁን አልጋ ስለያዙ፣ ሚስትየው በመንገዱ ያለውን አይተው ይነግሯቸዋል። ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ግን ገና ከከተማ ሳንወጣ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ስንሄድ ተኙ፤ ጥንቅሽ ገዝተው ስንመለስም ተኙ።

«አቦ እማዬ፣ ቤትሽ አልጋ የለም እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«አለ፤ ሰው ተኝቶበታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የከተማው ቆርቆሮ ብቅ ሲል ደንግጠው ነቁ።

«ውይ፣ አለፈኝ! ምን ልነግረው ነው? ልጄ፣ ማሽላው አሽቷል?»

«አሽቷል እማማ፤ ቀላ ቀላ ብሏል።»

«ወፍ ጠባቂዎቹስ?»

«ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ።»

ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አጠኑት።

«ወንዙስ?»

«ደርቋል።»

 ጥንቅሹን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔ ግን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሞልቷል ነው የምለው።»