«ጤነኛውንስ?»

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታቦር ሰፈር ብረት ሲበይዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ካንሰር ቤት ካዋላቸው ወዲህ፣ ዕቃ ከማጥብበት ቤተ ሙከራ ስመለስ በር ላይ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

«መዳቡ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል፣ የዘመድ ደኅንነት እንደሚጠይቅ ሰው። ተመራማሪዎቹ ከመዳብ የሠሩትን አዲስ ውህድ በካንሰር ሴሎች ላይ እንደሚሞክሩ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ገና ከባጃጅ ሳልወርድ «ጋሼ፣ መዳቡ ካንሰሩን ገደለው!» ብዬ ጮህኩ።

«ጤነኛውንስ?»

«ጤነኛውንም ሴል ገድሎታል።»

ሳቁብኝ። «ማቃጠልማ የትኛውም በያጅ ያቃጥላል፣ አንቺ! ቁም ነገሩ ጎኑን አለመንካት ነው።» ቀጥለውም «መድኃኒቱ ለእኔ አይደርስም፤ አንቺ ግን መጠየቅሽን እንዳትተዪ» አሉኝ።

ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ዛሬ ሌላ ውህድ ካንሰሩን ገደለ ተብሎ ሲጨበጨብ፣ የማጥበውን ብልቃጥ እንደያዝኩ «ጤነኛውንስ?» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አብዛኛው ተርፏል» አለችኝ አንዷ ተመራማሪ። «ግን ገና ደጋግመን እንሞክረዋለን።»

ባጃጁን አስቸኩዬ ቤት መጣሁ። በርጩማው ባዶ ነው። ገባሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ። «ተርፏል፣ ጋሼ» የሚለው ወሬ አፌ ላይ ነው፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም።