የእናቴ አፍ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ

ትናንት የታናሽ እህቴን ጉርድ ፎቶ ላሳጥብ ጅጅጋ መሃል ወዳለ ማተሚያ ቤት ገባሁ። የአዲስ ቀለም ሽታ ሲመጣብኝ ንዴቴ ተነሳ። ግድግዳው በዘፋኞች የካርቱን ስዕል ተሞልቷል፤ የአንዱ ጆሮ፣ የሌላው አፍንጫ ተለጥጧል።

እናቴ ሰርግ ላይ ትዘፍን ነበር። የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ አብሬያት ወደ ሰርግ ስሄድ የሰፈራችን ሻይ ቤት ባለቤት ከበሩ ጠራን።

"አባዮ ሂንዳ፣ እህቴ፣ ነይ እዪ! አንቺንም ሰቀልንሽ!"

ግድግዳው ላይ ቀለሙ ገና የሚሸት ትልቅ የካርቱን ህትመት ተሰቅሏል። ከእናቴ ፊት ሁሉ የሚታየው አፏ ብቻ ነበር፤ እንደ በር ተከፍቷል። ጫት የያዙት ወንዶች ሳቁ። "ይሄ አፍ ግመል ከነጭነቱ ይውጣል!" አለ አንዱ።

እናቴም ፈገግ አለች። መንገድ ላይ ግን "ለካ ሲሰሙኝ ሳይሆን ሲያዩኝ ነው የኖሩት" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ሰርጉ ላይ አፏን በሻርፗ ሸፍና ዘፈነች። የሙሽራዋ አክስት "ግለጪው እንጂ፣ አይሰማም እኮ!" ብትላት እምቢ አለች። ከዚያ ወዲያ ለሰርግ የሚጠራት እየጠፋ ሄደ።

"የማንን ልስጥሽ እህቴ? ሁሉም ያስቃል" አለኝ የማተሚያ ቤቱ ሻጭ ወደ ካርቱኖቹ እያመለከተ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ትናንት ግን "አያስቅም!" ብዬ ጮህኩበት።

ቤት ስገባ እናቴ ዝም ብላ ሳህን ታጥባለች። ድሮ ሳህን ስታጥብ ጎረቤቶቻችን እሷን ለመስማት ሬዲዮአቸውን ይዘጉ ነበር። አሁን የእነሱን ሬዲዮ የምንሰማው እኛ ነን።