አማካሪዬ ሦስት ጊዜ ያነበቡት ታሪክ

የማስተርስ ጥናቴን ርዕስ ይዤ አማካሪዬ ቢሮ የገባሁ ቀን፣ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ሥነ ጽሑፍ በማስተማር የሸበቱ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው።

«ሃይፐርቴክስት ምንድን ነው?»

«ስልክ ላይ የሚነበብ ታሪክ ነው» አልኳቸው። «ገጾቹ በሊንክ የተያያዙ ናቸው። አንባቢው አንዱን ቃል ሲነካ ወደ አንድ ገጽ፣ ሌላውን ሲነካ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚያነበው።»

«መጨረሻውስ?»

«እንደ መንገዱ ነው።»

«መጨረሻው ያልታወቀ ነገር ላይ እንዴት አድርገሽ ሂስ ትሠሪያለሽ? ርዕስ ቀይሪ።»

አልቀየርኩም። የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ፣ ሰነድ ክፍል ነው። ትምህርቱን የተማርኩት የዕረፍት ቀኖቼን ሰጥቼ ነው፤ ለማላምንበት ርዕስ ደግሞ ልሰጣቸው አልፈለግኩም። ግን ነገሩን ሳስበው የእሳቸውም ጥርጣሬ እውነት ነበረው። የጠቀስኳቸው ሥራዎች በሙሉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። እሳቸው አላዩአቸውም፤ እኔም በንድፈ ሐሳብ ብቻ እሟገታለሁ። በአማርኛ የሚነበብ ነገር ከሌለ ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩ።

ጻፍኩት። ቦሌ ያለው ቤቷ ሊፈርስ ስለሆነ ወደ ለሚ ኩራ ስለምትዛወር እናትና ለብቻቸው ስለሚኖሩ ሁለት ልጆቿ ነው። በመዛወሪያው ቀን እናትየው በር ቆልፋ አልወጣም ትላለች። ልጆቹን ተከትሎ ላነበበ ግትር ሴት ናት። «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ለነካ ግን ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ልጆቿ በማለዳ መጥተን እናግዝሻለን ብለው ቀርተውባት፣ ብቻዋን ስትጠብቅ አርፍዳለች። ጠዋትና ማታ ሰርቪስ ውስጥ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያነበቡት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አጠገቤ የምትቀመጠው የወሎ ልጅና አንድ የፎርክሊፍት ሾፌር። ምሳ ሰዓት ላይ ተጣሉበት።

«እናትየው ችኮ ናት» አለ ሾፌሩ። «ልጆቹን አሳቅቃ ልትገድላቸው!»

«ምን ማለትህ ነው? ጥለዋት ቀርተው እኮ ነው!»

«ይሄማ የለም!»

«አለ እንጂ! አንብበው!» ብላ ስልኳን ሰጠችው።

ተቀብሎ አነበበ። ምሳውን ትቶ፣ «እንዴ፣ ሳላውቅ ፈርጄባታለሁ» አለ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያኔውኑ ጻፍኳት። ሂሱ መጀመር ያለበት እዚያ ጋ መሆኑ ገባኝ፦ አንባቢው ሳያይ ያለፈው ገጽ፣ በፍርዱ ውስጥ ምን ይሠራል?

ታሪኩን እስካሁን ከጻፍኳቸው የጥናቱ ምዕራፎች ጋር ለአማካሪዬ ላክሁላቸው። ሳምንት ሙሉ መልስ የለም። ከዚያ ደወሉ።

«ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አሉ። «ሦስተኛው ላይ በራሴ ተናደድኩ። ሴትዮዋን በድያታለሁ።»

ደስታዬ ከደቂቃ አላለፈም። «አሁን ስሚኝ። የጥናትሽ ሁለተኛ ምዕራፍ አንባቢው ነጻ ነው ይላል። ማነው ነጻ ያወጣው? ያንን ገጽ ከአንዲት ቃል ሥር የደበቅሽው አንቺ ነሽ። እኔን ያሳሳትሽኝ አንቺ ነሽ! ይህን አምነሽ ካልጻፍሽ አልፈርምም።»

ያን ምዕራፍ እወደው ነበር፤ ከሁሉ በፊት የጻፍኩትም እሱን ነው። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። እልሄ ሲበርድ ግን እውነታቸውን መሆኑን አየሁ፤ ሊንክ በር ብቻ ሳይሆን መጋረጃም ነው። ምዕራፉን እንዳለ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፤ ደራሲው አንባቢውን በምርጫ ስም እንዴት እንደሚመራው፣ ሀያሲም መጀመሪያ የራሱን መንገድ መናገር እንዳለበት።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት በተከላከልኩበት ቀን አንደኛው ፈታኝ፣ «አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን ራስሽ መተቸትሽ አያስቸግርም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያስቸግራል» አልኩ። «ስለዚህ የእኔን ንባብ አላስቀደምኩም። የሁለት ሠራተኞችንና የአንድ መምህርን ንባብ አስቀድሜ፣ የት የት እንዳሳሳትኳቸው ነው የጻፍኩት።»

አማካሪዬ አንገታቸውን ደፍተው ማስታወሻ ሲጽፉ አየሁ። አንዳንድ ቦታ አስተካክዪ ተብዬ አለፍኩ። ከወራት በኋላ ተማሪዎቻቸው ፊት እንድናገር ጠሩኝ፤ የካርጎ የደንብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ከፈረቃ ወጥቼ ሄድኩ። ወደ ክፍሉ ስገባ ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው፣ ስለዚያች እናት እየተከራከሩ ነበር።